ሁለት ስም ያለው ዛፍ

ከኢትዮጵያ ተራሮች ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሜዳ የሚወርዱ ወንዞች ድንበር ሲሻገሩ ስማቸውን ይለውጣሉ። ተከዜ ሰቲት ይባላል፤ ጓንግ አትባራ፣ ሽንፋ ራሃድ፣ አይማ ደግሞ ዲንደር ይሆናሉ። ውኃው ግን ያው ውኃ ነው፤ በክረምት አጥቦ የሚያወርደውም ደለል ያው የላስታና የጎንደር አፈር ነው። ስሙ የተለወጠበት ወንዝ መንገዱን አይስትም፤ ዓሣውም በየትኛው ስም እንደሚዋኝ አይጠይቅም።

ዛፎችና አራዊትም እንዲሁ ናቸው። ከመተማ እስከ ገላባት፣ ከቋራ እስከ ዲንደር የተዘረጋው ቆላ አንድ ምድር ነው። እዚያ የሚበቅለው ግራር፣ እዚያ የሚያገሣው አንበሳ ሁለት ፓስፖርት የለውም፤ ሁለት ስም ግን አለው። ተሰድዶ፣ ሠርቶ ለማደር ወይም ነግዶ ለማትረፍ ከኢትዮጵያ ወደ ገዳሪፍ የወረደ ሰው ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱንና የቡና ሥርዓቱን ይዞ ይሻገራል። የዛፎቹን ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ድንበሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ልጆቹም በየቀኑ የሚያዩትን ዛፍ በእናታቸው ቋንቋ ሳይጠሩት፣ በጎረቤታቸውም ቋንቋ በቅጡ ሳያውቁት ያድጋሉ። ነገሩ ጥቃቅን ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ስሙና ጥቅሙ ያልታወቀ ዛፍ በሰው ዓይን ከማገዶ አያልፍም፤ መጥረቢያም አስቀድሞ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ዛፍ ብቻ እንውሰድ። በትግራይና በአማራ ቆላዎች «ወይባ» የሚሉት እንጨት አለ፤ በአማርኛ «አባሎ»ም ይባላል። ሙሽሮችና አራሶች ጉድጓድ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚታጠኑት በእርሱ ጢስ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት ተርሚናሊያ ብራውኒ ብለው መዝግበውታል። ሱዳናዊቷ ባለትዳር ደግሞ «ዱኻን» የምትለውን የጢስ መታጠቢያ የምታዘጋጀው «ጠልሕ» ከሚባለው ግራርና «ሻፍ» ከሚባለው እንጨት ነው። ሻፍ ሌላ አይደለም፤ ያው ወይባ ነው። እንግዲህ ከሑመራ ወይም ከጎንደር የመጣች እናት በገዳሪፍ ገበያ ወይባ ፈልጋ ስታጣ፣ ሻፍ ከሚሸጠው ነጋዴ ፊት ለፊት ቆማ ልትመለስ ትችላለች። ሁለቱ ሰዎች የሚጋሩት ዛፍ፣ የሚጋሩት ጉድጓድ፣ የሚጋሩት መዓዛ አላቸው፤ የሚጋሩት ቃል ግን የላቸውም።

ምሳሌው በዚህ አያበቃም። የአማርኛው «ቁርቁራ» በሱዳን «ሲድር» ነው፤ ፍሬው «ነበቅ» እየተባለ በየመንገዱ ዳር ይሸጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ «ሁመር» ወይም «ሮቃ» የሚባለው፣ ኮምጣጣ ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ሱዳን ውስጥ «ዓረዴብ» ሆኖ ጥም ይቆርጣል። «በደኖ» ወይም «ጉዛ» የሚባለው እሾሃማ ዛፍ «ሂግሊጅ» ነው፤ የሱዳን ልጆች እንደ ከረሜላ የሚመጡት ፍሬው «ላሎብ» ይባላል። ገበሬው፣ እረኛውና የመድኃኒት ዐዋቂው በየወገናቸው ስለ እነዚህ ዛፎች ብዙ ያውቃሉ። የጎደለው አንዱ ዕውቀት ከሌላው ጋር የሚገናኝበት ድልድይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሜዳ ቀድሞ ምን ይመስል ነበር? (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ወደ አትባራና ሰቲት ዳርቻ በመጣ ጊዜ ሐምራን ከሚባሉት ዐረቦች ጋር አድኗል። ሐምራኖች ዝሆንን በፈረስ እያባረሩ በሰይፍ የሚጥሉ ስመ ጥር አዳኞች ነበሩ። ቤከር በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዝሆኑ፣ ስለ ቀጭኔው፣ ስለ አውራሪሱና ስለ አንበሳው በሰፊው ጽፏል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከከሰላ አካባቢ የተያዙ አራዊት በግመልና በመርከብ ወደ አውሮፓ ይጋዙ ጀመር፤ ጀርመናዊው የአራዊት ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1870 ስዊዝ ድረስ ሄዶ የተረከበው መንጋ ከዚሁ አገር የወጣ ነበር። ዛሬ በገዳሪፍ ሜዳ አውራሪስም ቀጭኔም የለም። እነዚህን እንስሳት የሚያስታውስ ሕፃን ቀርቶ፣ በዚያ ምድር እንደ ነበሩ የተነገረው ሰው እንኳ ጥቂት ነው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው፣ መኖሩን ያልሰሙት አውሬ ሲጠፋም አያስለቅስም።

ዛፉ የሄደው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944፣ የእንግሊዝ አስተዳደር በምሥራቅ አፍሪቃ ለነበረው ሠራዊት ቀለብ ፍለጋ በገዳሪፍ አጠገብ ገደምበሊያ ላይ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመረ። ያ እርሻ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ በ1968 የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም የበለጠ ተጠናከረ። ጥቁሩ መረሬ አፈር ለማሽላና ለሰሊጥ የተመቸ ነውና፣ የጠልሕና የሐሸብ ግራር ደን እየተመነጠረ ዓይን እስኪታክት የሚዘረጋ ማሳ ሆነ። ለብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንም የአረምና የአጨዳ ሥራ፣ የዕለት እንጀራ ሆነ። ይህን ውለታ መካድ አይገባም፤ ግን ዋጋው ምን እንደ ነበረ ማወቅም ተገቢ ነው።

የሱዳን ሕግ አውጪዎች ዋጋውን ዐውቀውት ነበር። የ1989 የደን ሕግ በዝናብ የሚለማ እርሻ ባለቤት ከይዞታው ከመቶ 10 እጁን በዛፍ እንዲሸፍን ያዛል። ደንቡ በብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ቀርቷል። ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም፣ ባለእርሻውም ሠራተኛውም ዛፉን ከማሳው የተነጠቀ መሬት አድርገው መቁጠራቸው አንዱ ነው። የቀድሞው ገበሬ ግን እንዲህ አያስብም ነበር። መሬቱ ሲደክም ለሐሸብ ይተውለታል፤ ሐሸብ ሥሩ ናይትሮጅን ይዞ አፈሩን ያድሳል፤ እግረ መንገዱንም ሙጫ ይሰጣል። ዛፎቹ ሲያረጁ ተቆርጠው መሬቱ እንደ ገና ይታረሳል። ሱዳን ከማንም አገር አብልጣ ለዓለም የምታቀርበው የዐረብ ሙጫ ከዚህ ዛፍ የሚለቀም ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ መድኃኒትና ቀለም ውስጥ ይገባል። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል እንኳ ሙጫው ከማዕቀቡ ውጭ እንዲሆን ተደርጓል። ኃያሉ መንግሥት ሊተወው ያልቻለውን ዛፍ ነው እንግዲህ የገዳሪፍ ቆራጭ ሲመሽ ከሰል የሚያደርገው።

በዚህ ምድር ላይ ነው ስደተኛው የመጣው። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ የረኀብና የጦርነት ዘመን ኢትዮጵያውያንን ያስጠለለ ጣቢያ ነበር። በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ እንደ ገና ተከፈተ፤ በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ቱናይድባ ተጨመረ። ከ60,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚያ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። «ራኩባ» በሱዳን ዓረብኛ ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ ዳስ ማለት ነው። የጣቢያው ስም ራሱ እንደሚናገረው፣ ስደተኛ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ዛፍ ነው፦ ለማገር፣ ለጥላ፣ ለማገዶ። የሱዳን ብሔራዊ የደን ኮርፖሬሽን ከተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ጋር ሆኖ በየጣቢያው ዙሪያ የተራቆተውን መሬት በዛፍ ለመመለስ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። ችግኝ መትከሉ ግን የሥራው እኩሌታ ነው። የተተከለው ዛፍ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደ ተተከለ፣ ማን እንደሚጠቀምበት ለማገዶ ለቃሚዋ በምትሰማው ቋንቋ ካልተነገራት፣ እራት ያልበሉ ልጆቿን ትታ ስለ ችግኙ ልታስብ አትችልም።

ስደተኛውን መውቀስ ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የደጋ ሰው የሚያውቀው የደጋውን ዛፍ ነው፤ ወይራውን፣ ጽዱን፣ ኮሶውን። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያውቀው በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባውን ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ ከባሕር ማዶ እንደመጣ ቢመሰክርም፣ ቶሎ ደርሶ ቤትም ማገዶም ስለሆነ የአገር ልጅ መስሏል። ስለዚህ «ዛፍ ይተከል» ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ፈጥኖ የሚያድግ አረንጓዴ ነገር ሁሉ ነው። ምሥራቅ ሱዳን በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት አለው። በ1917 ለሙከራ ወደ ካርቱም የገባው መስኪት የሚባለው የባዕድ እሾህ አሸዋ እንዲገታ ታስቦ በየአካባቢው ተተከለ፤ በከሰላ፣ በጋሽና በአዲስ ሐልፋ ማሳውንና የቦይ ዳርቻውን ወረረው። በ1995 መንግሥት ከሥሩ እንዲነቀል አወጀ፤ መስኪት ግን ዐዋጅ አይሰማም። በአፋር ሜዳም ያው ዛፍ የከብቱን ግጦሽ እየቀማ ተስፋፍቷል። እንግዲህ ሕዝብን ማስተማር ማለት «አረንጓዴ ሁሉ መልካም ነው» ማለት ሊሆን አይችልም። የትኛው ዛፍ ከምድሪቱ ጋር እንደ ተወለደ፣ የትኛው በእንግድነት መጥቶ ባለቤቱን እንዳስወጣ መለየት የትምህርቱ መጀመሪያ ነው።

እንዲህ ያለው ትምህርት ከየት ይጀምር? ከሕዝቡ ከራሱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዐድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች በሽታውን የሚያዛምቱ ነበሩ። አጣቢዎቹ የሳይንስ ቃል ባያውቁም እንዶዱን ያውቁት ነበር፤ ተመራማሪው ደግሞ ዓይናቸውን ከእነርሱ እጅ ላይ አልነቀሉም። ለዚህ ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የሚገርመው፣ በሱዳን በኩል በ1933 አርቺባልድ የተባለ ሐኪም ስለ ላሎብ ፍሬ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ ላሎብም ቀንድ አውጣውን ይገድላል። አንድ በሽታ፣ ሁለት ተክል፣ ሁለት አገር። የዐድዋ እንዶድና የሱዳን ላሎብ በአንድ የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ በራሃድ ወንዝ ለሚዋኘው ልጅ ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይነግሩታል።

ሕዝብ የወደደውን አውሬ ሳይታዘዝ እንደሚጠብቅም ማስረጃ አለ። በሱዳን «ሲምቢር» የሚባለው ጥቁር ሽመላ ከዝናቡ ጋር ይመጣል፤ በጎጆ ጣራና በመንደር ዛፍ ላይ ይሠራል። የዝናብ አብሳሪ ነውና ማንም አይነካውም። እርሱም አንበጣና ተምች እየለቀመ ውለታውን ይከፍላል። ለዚህ ወፍ የተከለለ ፓርክ የለም፤ ዘበኛው ስሙና ታሪኩ ነው። በአንጻሩ ማሽላውን የሚፈጀው ግሪሳ በአውሮፕላን መርዝ ይረጭበታል፤ በዚያ መርዝ ሌላውም ወፍ ዐብሮ ይሞታል። ሲምቢርን ከግሪሳ የሚለይ ገበሬ ርጭቱ የት መቆም እንዳለበት ለባለሥልጣኑ ሊነግር ይችላል። የማይለይ ግን የሞተውን ሁሉ «ወፍ» ብሎ ያልፈዋል።

ትልቁ ምሳሌ ያለው በዲንደርና በአልጣሽ ነው። ዲንደር በ1935 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ1979 የባዮስፌር ክልል ተብሎ ተመዘገበ፤ «ማያ» በሚባሉት ኩሬዎቹ ምክንያት በ2005 በዓለም አቀፍ ደረጃ ጥበቃ ከሚገባቸው ረግረጋማ ቦታዎች ገባ። ከድንበሩ ወዲያ በቋራ የሚገኘው አልጣሽ በ2006 ተከለለ። በየካቲት 2016 ሃንስ ባወር የተባሉት ተመራማሪና ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በአልጣሽ አንበሳ መኖሩን በካሜራ ወጥመድና በዱካ ማረጋገጣቸውን ለዓለም አበሠሩ፤ ዲንደር ሲጨመር ቁጥራቸው ከ100 እስከ 200 ሊደርስ እንደሚችል ገመቱ። ዓለም «አዲስ ተገኘ» አለ። የአካባቢው ሰው ግን አንበሳው እንዳለ ሲናገር ኖሯል፤ የጎደለው የሚጠይቀውና የሚጽፍለት ሰው ነበር። የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ሳይጠይቁ ፓርክ መጠበቅ ምን ያህል ጎዶሎ እንደሆነ ከዚህ ይታያል። በበጋ ውኃ ወደ ቀረባቸው ማያዎች አውሬም ከብትም ይሰበሰባል፤ ማር ቆራጭም ንቡን ለማባረር የለኮሰው እሳት ሣሩን ጠራርጎ ይበላዋል። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ንብረቱን ከብት ላደረገና ማር ቆርጦ ለሚያድር ሰው መልስ አይሆንም። ቀፎ የሚሰቀልበትን ዛፍና ቦታ፣ እሳት የማይለኮስበትን ወር ከእርሱ ጋር ቁጭ ብሎ የሚወስን አስተማሪ ግን ሊሰማ ይችላል።

ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ዛፍ ግን በየቤቱ በየቀኑ የሚጨስ ነው። በገዳሪፍ ቡና ሲፈላ ከሰሉ ላይ የምትጣለው እጣን በመተማና በቋራ ቆላ ከሚበቅለው፣ በአካባቢው «ዋልያ መቀር» ከሚሉት ዛፍ የተለቀመች ልትሆን ትችላለች። የሱዳን ሰው ይህንኑ ዛፍ «ጠረቅ ጠረቅ» ይለዋል። የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ሁኔታው እንዳለ ከቀጠለ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶ 90 እጅ፣ የእጣኑ ምርት ደግሞ በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። ቡቃያው በእሳትና በከብት ምክንያት አያድግም፤ ትልልቁንም ጥንዚዛ ይቦረቡረዋል። ቤተ ክርስቲያኑ፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ የጎረቤት ቡናው ሁሉ ከዚህ ዛፍ ጋር የተሳሰረ ነው። ይሁንና ዕድሜ ልኩን እጣን ያጨሰ ሰው የእጣን ዛፍ በዓይኑ ላያይ ይችላል።

መፍትሔው ከባድ በጀት የሚጠይቅ አይመስልም። ኢትዮጵያዊው የደን ባለሙያ አዘነ በቀለ ተሰማ የኢትዮጵያን ጠቃሚ ዛፎች በየብሔረሰቡ ቋንቋ ስም የመዘገበ መጽሐፍ በ1993 አሳትመዋል። ሱዳናዊው ሐምዛ ኤል አሚን ደግሞ የሱዳንን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች የሚዘረዝር መጽሐፍ በ1990 አውጥተዋል። ሁለቱ መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢዘረጉ፣ ለድንበሩ ሕዝብ የሚሆን የሠላሳ ዛፎች መዝገብ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዓረብኛ ማዘጋጀት የጥቂት ወራት ሥራ ነው። በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የትምህርት ቤት ክበባትን በማደራጀት የቆየ ልምድ አለው፤ ሱዳንም በ1975 የተቋቋመ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር አላት። መዝገቡ ግን ከመደርደሪያ ወርዶ ወደ ቡና መጠጫው፣ ወደ መስጊዱና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ወደ ሰሊጥ ሠራተኛው ካምፕ መድረስ አለበት። አደይ አበባን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ልጅ የለም፤ ያስተማረው ግን ሚኒስቴር አይደለም፤ በዓሉና ዘፈኑ ነው። ለሐሸብና ለላሎብም አንድ ቀን፣ አንድ ጨዋታ፣ አንድ ተረት ማግኘት አይሳንም። አያቶች ገና አሉና ይጠየቁ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ወደ ገዳሪፍ ጎርፈዋል፤ ያም ሕዝብ እንጨት ይፈልጋል። ሌሎች ደግሞ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረው ኩመርና አውላላ በተባሉ ጣቢያዎች እንዲሰፍሩ ተደርገው ነበር። ትናንት አስጠላይ የነበረው ዛሬ ተጠላይ ሆነ። ያ ሱዳናዊ ጠልሑንና ሐሸቡን በሚያውቅበት ዓረብኛ እየጠራ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ኢትዮጵያዊውም በገዳሪፍ የዋልያ መቀርን ስም እየረሳ ይኖራል። ሁለቱ ቢገናኙ አንዱ ለሌላው መምህር ይሆናል።

አንድ የሐሸብ ችግኝ ሙጫ ለመስጠት አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። በመጪው ክረምት ችግኙን ተክሎ በሁለቱም ቋንቋ ስሙን የተማረ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከገዛ ዛፉ የመጀመሪያዋን ሙጫ ይለቅማል። ከዚያ በኋላ መጥረቢያ ይዞ ወደ ዛፉ የሚመጣ ሰው ቢኖር፣ መልስ የሚሰጠው ልጁ ነው።